ሳይደርስ የሚቀበሉት ጸደይ

(በማርች መጀመሪያ ላይ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለጓሮ አትክልት ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከትናንት ወዲያ በቲሸርት ነበርን። ዛሬ ጋቢ የደረቡ እናቶች ከፊት ወንበር ላይ አያለሁ፤ አልተሳሳቱም። ነገ ምን እንደምንለብስ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ላወራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ የዚህ አገር ጸደይ ለምን እየመጣ እንደሚመለስ፣ እንዲህ የሚያመነታን ወቅትስ እንዴት እንደሚቀበሉት።

ለማታውቁኝ፣ አገር ቤት እርሻ አስተምር ነበር፤ እዚህ ችግኝ በሚሸጥበት ቦታ እሠራለሁ። ችግኝ የሚሸጥ ሰው የአየሩን ጠባይና የሰዉን ጠባይ አንድ ላይ ያያል። የማርች የመጀመሪያዋ ሞቃት ቅዳሜ ስትመጣ የመኪና ማቆሚያችን ይሞላል። የሚጠየቀው ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ነው። «ገና ነው» ስንላቸው «ፀሐዩን አታየውም እንዴ?» ይሉናል። ሌላ ቦታ ሄደው ገዝተው ይተክላሉ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ውርጭ ይመጣል፤ በሳምንቱ ያንኑ ችግኝ እንደገና ሊገዙ ይመጣሉ። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ደግሞ ኤፕሪልን ሙሉ መስኮት ዘግቶ ይቀመጥና «ይሄ አገር ጸደይ የሚባል የለውም፤ ከዊንተር በቀጥታ ወደ ሰመር ነው» ይላል። የአገሬ ሰው ሆኖ ይህን ያላለ ጥቂት ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተለያዩ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንድ ሰው ናቸው እላለሁ። ሁለቱም ጸደይ የሚገባባትን አንዲት ቀን ነው የሚጠብቁት። አንዱ ቀኗ መጣች ብሎ ቸኮለ፣ ሌላው ነገሩ ተሟልቶ ካላየ አላምንም አለ። እንዲህ ያለች ቀን ግን የለችም። ጸደይ የሚመጣው እየተቆራረጠ ነው፤ የመጣውን ቁራጭ በመጣበት ዕለት የተቀበለ ነው የሚያገኘው። የሚገርመው፣ ይህን አቀባበል እኛ ከማንም በላይ እናውቀው ነበር።

«ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እያልን ነው ያደግነው። እስቲ ይህን አባባል እንመርምረው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ሙልሙሉን የሚቀበሉትም ካፊያ እየመታቸው ነው። እና «የለም ክረምት» ይላሉ! ሜትሮሎጂ ቢጠየቅ ይህን አይፈርምም።

ከዚያ ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ይመጣል፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ራሱ በረከት ሆኖ ልጆች ወጥተው ይታጠቡበታል። ከዚያ ዕንቁጣጣሽ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26፣ የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ስለዚህ አደይ አበባ ይዘን «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ» ስንባባል፣ በመጽሐፉ ሒሳብ ገና ሃያ አምስት የክረምት ቀን ከፊታችን አለ። መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ ዝናብ የመታቸውን ዓመታት እናንተው ታስታውሳላችሁ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ሳምንት መጨረሻ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ለኢሬቻ የሚወጣው ሕዝብ ጨለማውን ክረምት አሻግሮ ወደ ብርሃን ስላደረሰው ፈጣሪን ያመሰግናል። ዘመነ መፀው በመጽሐፉ የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ ወርኃ ጽጌም የሚጀምረው ያን ዕለት ነው።

ቁጠሩልኝ እንግዲህ፤ ከቡሄ እስከ መፀው ከአንድ ወር በላይ ነው። በዚህ መሐል ዝናቡ ይዘንባል፣ ያባራል፣ እንደገና ይዘንባል። ሕዝቡ ግን ዝናቡ ጨርሶ እስኪያቆም አልጠበቀም። በየደረጃው በዓል አስቀመጠለት፤ አንዱ በዓል በጭቃ ውስጥ፣ አንዱ በካፊያ፣ አንዱ በፀሐይ። ወቅቱ በክፍልፋይ እንደሚመጣ ያወቁ ሰዎች ያወጡት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። የነሐሴን ችግር የሚያውቅ ገበሬ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይገባዋል፤ ጎተራው የሚራቆተው፣ እሸቱም ገና ያልደረሰው በዚያው ወቅት ነው። ሰው ተስፋውን በአንድ ቀን ላይ ብቻ ቢጥል ያን ወር አይዘልቀውም።

ዝናቡም ቢሆን ከአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። መቀሌ ሰማዩ ጠርቶ መስቀልን በፀሐይ ሲያከብር፣ ኢሉባቦር ጎሬ ላይ ገና ይዘንባል። «መስከረም ጠባ» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ለሁሉ ይነገራል እንጂ መስከረም ለሁሉ እኩል አይጠባም።

የመስቀል ወፍንም ላንሳ። ብዙ ጊዜ የማይታይ ወዳጅ ሲገኝ «የመስቀል ወፍ ሆንክብኝ» እንላለን፤ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለችና። እውነቱን ለመናገር ወፏ የትም አልሄደችም። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ ወንዶቹ የመራቢያቸው ጊዜ ሲደርስ፣ በክረምቱ ዝናብ፣ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ላባ ያወጣሉ። በቀረው ጊዜ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ስለሚሆኑ ከድንቢጥ አንለያቸውም። በጋውን ሙሉ አጠገባችን ናቸው። እዚህ አገርም ሮቢን የምትባል ደረተ ቀይ ወፍ አለች፤ አሜሪካኖቹ ሣር ላይ ሲያዩዋት «ጸደይ መጣ» ይላሉ። እሷም ቢሆን ብዙዎቹ ዊንተሩን እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ የዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ነው የሚያሳልፉት። መሬቱ ሲለሰልስ ትል ፍለጋ ወደ ሣሩ ወጡ እንጂ ከሩቅ አልመጡም።

አሁን ወደዚህ አገር ልምጣ። የእኛን መስከረም የሚያመጣው ውኃ ነው፤ ይልቁንም የውኃው መጠን መቀነስ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀኗ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዋሽንግተን 39ኛው ዲግሪ አካባቢ ናት። በዲሴምበር መጨረሻ ቀኗ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በጁን አሥራ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚህ ወር በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል እየጨመረ ነው። ስለዚህ እዚህ ወቅቱን የሚነዱት ብርሃንና ሙቀት ናቸው፤ ሁለቱ ግን እኩል አይራመዱም። ማርች 20፣ ማለትም መጋቢት 11፣ ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትወጣው ከፍታ በሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። በሴፕቴምበር ግን በአጭር እጅጌ እንሄዳለን፤ በማርች ጃኬት እንለብሳለን። መሬቱና ባሕሩ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይወስዳሉ። ብርሃኑ ቀድሞ ደረሰ፤ ሙቀቱ ከኋላው እያዘገመ ነው።

የወዲያ ወዲህ መመላለሱ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በማርች ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ አየሩ ሞቋል፤ በሰሜን ካናዳ ገና በረዶ ነው። በሁለቱ መካከል ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ እንደ ድንበር ነው፤ ድንበሩ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ቲሸርት እንለብሳለን፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ የካናዳ ብርድ ቤታችን ይገባል። የዚህ አገር ዊንተር «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ ከተነሣ በኋላ ደጃፍ ላይ ሌላ ወሬ የሚጀምር የእኛው ዘመድ ነው፤ ጫማውን አድርጎም ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ አገር አቆጣጠር በ1993 ማርች አጋማሽ ላይ በምሥራቅ አሜሪካ የወረደውን ታላቅ የበረዶ ማዕበል እዚህ ከመካከላችን ያዩ አሉ። በ2007ም ማርች ሞቆ ቅጠሉ ሁሉ ከወጣ በኋላ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ብርድ ተመልሶ የደቡቡንና የመካከለኛውን አገር ስንዴና የፍራፍሬ ዛፍ መታው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንዱን የዱር እንስሳ ከጉድጓዱ አውጥተው «ጥላህን አየህ ወይ?» እያሉ የሚጠይቁት ለዚህ ነው፤ ጥላውን ካየ ዊንተሩ ገና ይቆያል ይባላል። ከ1887 ጀምሮ ይጠይቁታል። ትንቢቱን አትከተሉ፤ የጠያቂዎቹ ጭንቀት ግን እውነተኛ ነው።

ተክሎቹ ይህን ሁሉ ወላዋይነት እንዴት ይዘልቁታል? እያንዳንዱ የየራሱ ሒሳብ አለው። የቼሪ ዛፍ መጀመሪያ ብርድ ይቆጥራል። የሚበቃውን ያህል ብርድ ካላገኘ ቢሞቅም አይነቃም፤ ብርዱ ሲሞላለት ደግሞ ሙቀት መቁጠር ይጀምራል። ኦክ ዘገምተኛ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቅጠል አውጥተው እሱ ደረቅ መስሎ ይቆያል። አንዳንዱ ዛፍ ሙቀቱን ብቻ አያምንም፤ የቀኑን ርዝመትም ያያል። በዚህ የተነሣ አንድ መንገድ ዳር ላይ ያበበና የሞተ የሚመስል ዛፍ ጎን ለጎን ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚቀድመውን የምታውቁት አይመስለኝም። ወንዝ ዳር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ ሽታው የማያምር፣ ስካንክ ካቤጅ የሚሉት ተክል ነው። በፌብሩዋሪ ያብባል፤ አበባው የራሱን ሙቀት ያመነጫል፣ ከአካባቢው አየር ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ በረዶ ካለ በዙሪያው ያቀልጠዋል። ሮክ ክሪክ ፓርክ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ቀይ ሜፕል፤ አበባው ትንሽ ስለሆነ ሰው ቀና ብሎ አያየውም፣ ግን አሁን በዚህ ሳምንት ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቀላ ብሏል። በዚህ ሰሞን ማታ ማታ ኩሬ አጠገብ የሚሰማው የቃጭል የሚመስል ድምፅ የወፍ አይደለም፤ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጡ እንቁራሪቶች ናቸው። እነዚህ እንቁራሪቶች ዊንተሩን ቅጠል ሥር ተኝተው ያሳልፋሉ፤ የሰውነታቸው ውኃ በከፊል በረዶ ሆኖ እንኳ ይተርፋሉ። ጉበታቸው የሚለቀው ስኳር ነው ሴሎቻቸውን የሚጠብቀው። ብርዱ ሲመለስ ዝም ይላሉ፤ ሲሞቅ ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ፎርሲቲያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢጫው ቁጥቋጦ። አዲስ የመጣ ሰው ሲያየው ከመኪና ወርዶ «አደይ!» ያለበትን ጊዜ አይቻለሁ። ዘመድነት የላቸውም፤ ዓይን ግን አይፈረድበትም። ማግኖሊያ ችኩል ነው፤ ትልልቅ ሐምራዊ አበባ አውጥቶ ስንት ዓመት በአንድ ሌሊት ውርጭ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። መንገድ ዳር ነጭ ለብሶ የሚሸተው ዛፍ ደግሞ ከእስያ የመጣ ትንንሽ ፍሬ ያለው ፒር ነው፤ እዚሁ ሜሪላንድ ግሌን ዴል ባለው የመንግሥት የተክል ጣቢያ አማካይነት በ1960ዎቹ ወጥቶ አገር አዳረሰ፣ አሁን ጫካውን ስላስቸገረ አትትከሉ እየተባለ ነው። ይህን ካልኩ ይበቃል።

ቼሪው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ኢላይዛ ሲድሞር የምትባል ጸሐፊ በ1885 ከጃፓን ተመልሳ «ዋሽንግተን፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቼሪ ይተከል» ብላ ለሹማምንቱ ሐሳብ አቀረበች። የሰማት አልነበረም። ሹም በተለወጠ ቁጥር ትጠይቃለች፤ መልስ የለም። በ1909 ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለሔለን ታፍት ጻፈች፤ እሳቸው ተቀበሉ። በ1910 ጃንዋሪ ከቶኪዮ ሁለት ሺህ ዛፍ መጣ፤ ሲመረመር ተባይና በሽታ ተገኘበት፤ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ተቃጠለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን ይተው ነበር። ጃፓኖቹ እንደገና አዘጋጅተው ከሦስት ሺህ በላይ ላኩ፤ ማርች 27 ቀን 1912 ሔለን ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች ታይዳል ቤዚን ዳር ተከሉ። ከጥያቄው እስከ ተከላው ሃያ ሰባት ዓመት ነው። ዋሽንግተን በጸደይዋ የምትታወቀው በዚያ ሁሉ መዘግየት ነው።

የፓርክ አገልግሎቱ ሰዎች አበባውን የሚከታተሉበት መንገድ ደስ ይለኛል። ስድስት ደረጃ አላቸው፤ እንቡጡ አረንጓዴ ሲሆን፣ ትንንሾቹ አበቦች ብቅ ሲሉ፣ ሲወጡ፣ አንገታቸው ሲረዝም፣ ነጭ ሆነው ሲነፉ፣ ከዚያ ሲፈነዱ። ከዮሺኖ ዝርያ ዛፎች አበባ ሰባ በመቶው ሲከፈት «ሙሉ ፈነዳ» ይላሉ። መቶ በመቶ አላሉም፤ መቼም መቶ አይሞላምና። ቡሄ፣ ሩፋኤል፣ ዕንቁጣጣሽ፣ መስቀል ካሉት ሰዎች ጋር እነዚህ ይግባባሉ። የእኛ ሰው ግን የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ፎቶ ለመነሣት ስድስተኛውን ደረጃ ብቻ ይጠብቃል፤ የዚያን ቅዳሜ ዝናብ ከመጣ ዓመቱ አለፈው።

ቀኑ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይዘላል። በ1990 ማርች 15 ፈነዳ፤ በ1958 ኤፕሪል 18። መካከላቸው ከአንድ ወር በላይ ነው። መዝገቡ ከተያዘበት ከ1921 ወዲህ ጊዜው አንድ ሳምንት ያህል ቀድሟል፤ አየሩ እየሞቀ ነውና። ቀድሞ መንቃት ደግሞ ከውርጭ ጋር የመገናኘት ዕድልን ያሰፋል።

የ2017ቱን አስታውሱ። ፌብሩዋሪው ከልክ በላይ ሞቆ ዛፎቹ ቸኩለው ነበር። በማርች አጋማሽ ብርድ ተመለሰና የዮሺኖውን አበባ ግማሽ ያህሉን ገደለ። የሞተው የትኛው ነው? አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነጭ የነፋው ነው። ወደ ኋላ የቀረው፣ ገና አረንጓዴ የነበረው፣ ተረፈ፤ ማርች 25 ላይ ከተማው አበባ አየ። አንድ ዛፍ ላይ ያሉ እንቡጦች እንኳ እኩል አልነቁም ነበር። እኩል ቢነቁ ኖሮ እኩል ይሞቱ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ጸደይ ካየሁት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ወጣ ገባ መሆኑ ጉድለቱ አይደለም፤ የሚያተርፈው ነው። ዘገምተኛውን ዛፍ የምንሰድብ ሰዎች እንቆጠብ።

ይህን የቦታ ልዩነት በቁጥር ለማስቀመጥ የሞከረ ሰው ነበር፤ አንድሩ ሆፕኪንስ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ተወላጅ የነፍሳት ተመራማሪ። በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጸደይ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በሄደ ቁጥር አራት ቀን፣ ከፍታው 400 ጫማ በጨመረ ቁጥር እንዲሁ አራት ቀን ይዘገያል አለ። ግምት ነው፤ በየዓመቱ ልክ አይመጣም። ግን አስቡት፣ ቆላ ወይና ደጋ ደጋ ብሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የዚህ አገር ሰው በካርታ የሚያየውን እኛ በገብሱና በማሽላው እናውቀዋለን። ሸነንዶዋ የሚገኘው ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ከፍተኛ ቦታው 3,680 ጫማ ነው። በሆፕኪንስ ሒሳብ ከፖቶማክ ዳር ከአንድ ወር በላይ ይዘገያል ማለት ነው። ኤፕሪልን በሥራ ያመለጣችሁ ሜይ ላይ ወደ ተራራው ውጡ፤ እዚያ ገና ነው። በተቃራኒው መሐል ከተማው፣ አስፋልቱና ሕንፃው ሙቀት ስለሚይዙ፣ ከከተማው ውጭ ካለችው ከጌተርስበርግ ይቀድማል።

በዚሁ ወር አገር ቤትም የሚጠበቅ ነገር አለ። በመጽሐፉ ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ እዚህ አቆጣጠር ኤፕሪል 4፣ ቼሪው በሚፈነዳበት ሰሞን። የሰሜን ሸዋና የወሎ ደገኛ ገበሬ በዚህ ጊዜ በልግን ይጠብቃል። በልግም ወላዋይ ነው፤ አንዱ ቀበሌ ላይ ዘንቦ ጎረቤቱን ይዘላል፣ በየካቲት ጀምሮ በመጋቢት ይጠፋል። እዚያ ግን የወቅት ማመንታት የፎቶ ጉዳይ አይደለም፤ የልጆች እንጀራ ነው። «ወጣ ገባው ያተርፋል» ስል ይህን ረስቼ አይደለም። ቼሪው ግማሹን አበባ ቢያጣ ዛፉ አለ፤ በልግ የቀረበት ገበሬ ግን ዘሩን ነው የሚያጣው። እዚህ ተቀምጠን ስለ ዘገምተኛ ጸደይ ስናወራ ልዩነቱ አይጥፋን።

ስለ አለርጂ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ በኤፕሪል መኪናችሁን ቢጫ አረንጓዴ የሚያለብሰው የዛፍ ብናኝ ነው፤ ከሜፕሉ ይጀምራል፣ ኦክና በርች ሲያብቡ ይብሳል። ስንመጣ ያልነበረብን ማስነጠስ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚጀምረን፣ ሰውነት ያንን ብናኝ ደጋግሞ ሲያገኘው ስለሚቆጣ ነው። ሐኪም ጠይቁ፤ እኔ የአትክልት ሰው ነኝ።

እንግዲህ ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ። ከቁራጩ ጋር የሚሄድ ሥራ ካለ መጠበቅ አይከብድም። በቅድሚያ አፈሩን ጨብጡት። ስትለቁት እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ አትቆፍሩ፤ ያኔ የተቆፈረ መሬት ዓመቱን ሙሉ ጓል ይሆናል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ከፈረሰ ሥራ ጀምሩ። በማርች አጋማሽ ባቄላ ዝሩ፤ የእኛ ባቄላ ብርድ ይወዳል፣ የዚህ አገር የጁን ሙቀት ግን አበባውን ያረግፈዋል፤ ስለዚህ ለእሱ ማርች ዘገየ እንጂ አልቸኮለም። አተርም እንዲሁ። ድንች የአካባቢው ሰው በሴንት ፓትሪክ ቀን፣ ማርች 17 ሰሞን፣ ይተክላል። ጎመን ቀላል ውርጭ አይገድለውም፤ እንዲያውም ከብርድ በኋላ ይጣፍጣል። በኦክቶበር ነጭ ሽንኩርት የተከላችሁ አሁን ቡቃያውን እያያችሁ ነው፤ ዊንተሩ አልጎዳውም፣ ያ ሁሉ ብርድ ባይመታው ኖሮ ነጭ ሽንኩርቱ በፍልቃቂ ባልተከፋፈለ ነበር።

የበርበሬና የቃሪያ ዘር በዚህ ወር የሚዘራው ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት አጠገብ፣ ከሥሩ ሞቅ እያለው። ውጭ የሚወጣው አፈሩ 60 ዲግሪ ፋራናይት አልፎ፣ ሌሊቱም ከ50 በታች መውረዱን ሲተው ነው። መሐል ከተማ ላላችሁ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል የመጀመሪያ አጋማሽ ያበቃል፤ ወደ ጌተርስበርግና ፍሬደሪክ ላላችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ሜይ ይቆያል። እዚህ ያሉ ነባር አትክልተኞች ቲማቲምና ቃሪያ የሚያወጡት ከእናቶች ቀን በኋላ ነው፤ የሜይ ሁለተኛው እሑድ። በሶብላና ኮሰረት ያላችሁም ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አታውጡ፤ ቀን ቀን ጥቂት ሰዓት እያወጡ ማለማመድ ይቻላል፣ ማታ ግን ይግቡ።

ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ እዩ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚበቃ የጎመን ችግኝ አምጥቻለሁ፤ በነፃ ነው። ዛሬ ማታ ውርጭ ይኖራል ስለተባለ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑት፤ ጠዋት ግን መግለጡን አትርሱ። የቃሪያ ችግኝ ፈልጋችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ዛሬ የለኝም፤ በሜይ ኑ።